የረጅም ሌሊት አበባ፦ ክሪሳንተመምን ለመፀው ስለ ማሳደግ



በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች ሴፕቴምበር በገባ ቁጥር አንድ አበባ በየገበያው በር ተደርድሮ እናያለን። ቢጫ አለው፣ ነጭ አለው፣ ሐምራዊና ነሐስማም አለው፤ ድብልብል ብሎ ቅጠሉ እስከማይታይ ድረስ በአበባ የተሸፈነ ነው። ሻጮቹ ማም ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ ክሪሳንተመም ነው። ብዙዎቻችን ለእንቁጣጣሽ ወይም ለመስቀል ሰሞን አንድ ሁለት ፖት ገዝተን ደጃፋችን ላይ እናስቀምጣለን። ኖቬምበር ላይ ሲጠወልግ ከነፖቱ እንጥለዋለን። በዓመቱ ደግሞ ሌላ እንገዛለን።

ዛሬ ወደ እናንተ የመጣሁት ይህን ልማድ እንድትተዉ ለመለመን ነው። ክሪሳንተመም በአንድ ወቅት አብቦ የሚያልቅ ተክል አይደለም። ግንዱ በብርድ ቢደርቅም ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት ይቆያል፤ ሲሞቅ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በተስማማው ቦታ ለዓመታት ይኖራል። ሞክረን የሞተብን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሞተብን በተሳሳተ ወር ስለተከልነው ነው። በመፀው የሚያብበው ይህ ተክል መሬት መግባት ያለበት በጸደይ ነው። ጸደይ ስል የዚህን አገር ጸደይ፣ ከማርች እስከ ሜይ ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት መጀመሪያ ተክሉ የማበቢያውን ጊዜ በምን እንደሚያውቅ ልንገራችሁ። ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን ሥራ ሳይነገረውም ይደርስበታል።

ብዙ ሰው ክሪሳንተመም የሚያብበው አየሩ ሲቀዘቅዝ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ተክሉ የሚጠብቀው የሌሊቱን መርዘም ነው። በዋሽንግተን በሰኔ 14፣ ማለትም በጁን 21 ቀን፣ የቀኑ ብርሃን ወደ 15 ሰዓት ርዝመት ይጠጋል፤ ለሌሊቱ የሚተርፈው 9 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሌሊቱ እንዲህ ባጠረበት ጊዜ ክሪሳንተመም ቅጠልና ግንድ ያበዛል እንጂ እምቡጥ አይቋጥርም። ከጁላይ ማገባደጃ ጀምሮ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ዓይን የማያየው እምቡጥ መፈጠር ይጀምራል። ያ እምቡጥ አድጎ እንዲፈካ ደግሞ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሊደርስ ይገባል፤ ይህም እዚህ የሚሆነው በኦገስት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ልኩ እንደ ዝርያው ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው የጓሮ ዝርያ ለማበብ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ከኦገስት አጋማሽ ተነሥታችሁ ብትቆጥሩ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ላይ ትደርሳላችሁ። አበባው የሚመጣው በዚህ ስሌት ነው።

ተክል የሌሊትና የቀንን ርዝመት እንደሚለካ የታወቀው ከቤታችን ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ መሆኑን ስታውቁ ደስ እንደሚላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ዛሬ ፔንታገን በቆመበት በአርሊንግተን፣ ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሙከራ እርሻ ነበር። በዚያ እርሻ ዊትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሜሪላንድ ማሞዝ ከተባለ የትምባሆ ዓይነት ጋር ይታገሉ ነበር። ትምባሆው የዚህን አገር በጋ በሙሉ ሳያብብ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ በመስታወት ቤት ውስጥ በብርዱ ወራት ሲዘሩት ግን ገና አጭር ሳለ ያብባል። በሙቀት ነው እንዳይሉ፣ በማዳበሪያ ነው እንዳይሉ ሁሉም አላስኬዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1918 በበጋው ተክሎቹን ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት እያስገቡ ጠዋት ማውጣት ጀመሩ። ቀኑ ያጠረባቸው ተክሎች በበጋ አበቡ። ግኝታቸውን በ1920 አሳተሙ። በ1938 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዲህ ላለው ተክል ወሳኙ የብርሃኑ ማጠር ሳይሆን የጨለማው ያለማቋረጥ መርዘም መሆኑን አሳዩ፤ ሌሊቱን በመካከል ለአጭር ጊዜ መብራት ቢያቋርጠው ተክሉ ሌሊቱ እንዳልረዘመ ይቆጥረዋል። ብዙዎቻችሁ በመኪና በአጠገቡ በምታልፉበት በቤልትስቪል የምርምር ጣቢያ የነበሩ ሳይንቲስቶችም በ1959 ይህን ብርሃን የሚቀበለውን በተክል ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ለይተው አገኙት። ፋይቶክሮም ይባላል።

ይህ ለእኛ ደጃፍ ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል። ክሪሳንተመማችሁን ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራ የበረንዳ መብራት ወይም ከመንገድ መብራት ሥር ከተከላችሁት ሌሎች ሰዎች ጋ ሲያብብ እናንተ ጋ ቅጠል ብቻ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። «ማዳበሪያ አነሰው» ብላችሁ ማዳበሪያ ትጨምራላችሁ፤ እሱ ቅጠሉን ያበዛል። መፍትሔው መብራቱን ማጥፋት ወይም ተክሉን ወደ ጨለማው ወገን ማዛወር ብቻ ነው። ነጋዴዎችም ዓመቱን በሙሉ ክሪሳንተመም የሚሸጡልን በዚሁ እውቀት ነው፤ በበጋ ጥቁር ሸራ እየጋረዱ ሌሊቱን ያስረዝሙታል፤ አበባውን ሊያዘገዩት ሲፈልጉ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ያበሩበታል።

አገራችንም በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለች። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፤ አጭሩም 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ ክሪሳንተመም በኢትዮጵያ ዓመቱን በሙሉ ሌሊቱ የረዘመለት ተክል ነው ማለት ነው፤ ምንም ሳያድግ እምቡጥ ለመቋጠር ይቸኩላል። በቆቃ አካባቢ ለአውሮፓ ገበያ የተክል ቁራጭ የሚያመርቱ እርሻዎች አሉ። አበባ ሳይሆን ገና ሥር ያላወጣ ለጋ ጫፍ ቆርጠው በአውሮፕላን ይልካሉ፤ የአውሮፓ አትክልተኛ ሥር አስይዞ ያሳድገዋል። ክሪሳንተመም ቁራጭ እንዲሰጥ በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር እናት ተክሎቹን በቅጠል ማቆየት የሚቻለው ሌሊት በመብራት ነው። በአውሮፓ የምትኖሩ ዘመዶቻችን በመፀው ገዝተው በረንዳቸው ላይ የሚያስቀምጡት ክሪሳንተመም ከዚያ መብራት ሥር የተነሣ ሊሆን ይችላል። እንደዚህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ወገኖቻችን ሊታወቅላቸው ይገባል።

ክሪሳንተመም ከአደይ አበባም ጋር ዝምድና አለው። አደይ፣ ኑግ፣ የሱፍ አበባና ክሪሳንተመም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡ ናቸው። የአራቱንም አበባ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ አንድ አበባ የመሰላችሁ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ በዳር ያሉት እንደ ቅጠል ይዘረጋሉ፣ በመሐል ያሉት ተጠጋግተው ይቆማሉ። ድርቡ ክሪሳንተመም ላይ የመሐሎቹም በትውልድ በትውልድ ተመርጠው ወደ ተዘረጋ ቅርጽ ተለውጠዋል። ልዩነቱ አደይ በየዓመቱ ከዘር መብቀሏ፣ ክሪሳንተመም ግን ከሥሩ መመለሱ ነው። በመስከረም ቢጫ ለማየት ለናፈቀ ሰው በዚህ አገር ከክሪሳንተመም የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ ከቢጫዎቹም ነጠላ ቅጠል ያላቸውን፣ መሐላቸው ተገልጦ የሚታየውን ምረጡ። ለአደይ ይበልጥ የሚቀርቡት እነሱ ናቸው።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልቆይም። የትውልድ አገሩ ቻይና ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ዘመን መካከል የኖረው ባለቅኔ ታኦ ዩዋንሚንግ ሹመቱን ትቶ ገጠር ገብቶ ክሪሳንተመም በማልማቱ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ከቻይና ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ማኅተም ባለ 16 ቅጠል ክሪሳንተመም ነው። በ1789 የማርሴይ ነጋዴ የነበረው ፒየር ብላንካር ወደ ፈረንሳይ አመጣው፤ በ1798 ኮሎኔል ጆን ስቲቨንስ ከእንግሊዝ ወደ ኒው ጀርሲ ሆቦከን አስገባው። በፈረንሳይ፣ በቤልጅየም፣ በጣሊያንና በፖላንድ ኖቬምበር 1 ቀን በመቃብር ላይ የሚቀመጥ የሙታን አበባ ሆኗል። በእነዚህ አገሮች ለእራት ከተጠራችሁ ክሪሳንተመም ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ባለቤቶቹ ባይናገሯችሁም ይከፋቸዋል። እዚህ አሜሪካ ግን የመኸርና የደስታ አበባ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ስትገዙ ሁለት ዓይነት እንዳለ እወቁ። በአበባ መሸጫና በግሮሰሪ ውስጥ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ለቤት ውስጥ የተዘጋጀ ነው፤ ብዙዎቹ ለማበብ ብዙ ሳምንታት ስለሚፈልጉ ውጭ ብትተክሏቸው እምቡጣቸውን ውርጭ ይመታዋል። ለጓሮ የሚሆነው መለያው ላይ «ሃርዲ» የሚል ያለበት ነው። ከእነዚህም ውስጥ በጥንካሬያቸው የታወቁትን ፈልጉ። ሼፊልድ ፒንክ የሚባለው ነጠላ፣ ቀላ ያለ ኮክ መልክ ያለው፣ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሌላው ሁሉ ሲያበቃ የሚያብብ ነው። ክላራ ከርቲስ ቀደም ብሎ በሮዝ መልክ ያብባል። የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ብርቱ ብርድ የሚችሉ ክሪሳንተመሞችን ሲያዳቅል ቆይቷል፤ የሚኔሶታን ብርድ የቻለ ለእኛ ብርድ አይሰንፍም። እነዚህን በጸደይ ችግኝ ከሚሸጡ ቤቶች ወይም በፖስታ ከሚልኩ አትክልተኞች ታገኛላችሁ፤ ገበያ በር ላይ በሴፕቴምበር የሚደረደሩት ዘንድ ግን ብዙም አይገኙም።

የመትከያው ጊዜ ውርጭ ካበቃ በኋላ፣ እዚህ አካባቢ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው። ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። አፈሩን ግን ከሁሉ አብልጣችሁ ተጠንቀቁለት። የዚህ አካባቢ መሬት አብዛኛው ሸክላማ ነው፤ በብርዱ ወራት ውኃ ይቋጥራል። ክሪሳንተመምን ከብርዱ ይልቅ የሚገድለው በዚያ እርጥብ አፈር ውስጥ ሥሩ መበስበሱ ነው። መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ብስባሽ በብዛት ቀላቅሉበት፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ውኃ የሚያቁር ጥግ ካላችሁ እዚያ ፈጽሞ አትትከሉ። በተክልና በተክል መካከል ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተዉ። በሜይ ባዶ ይመስላል፤ በኦክቶበር እርስ በርሱ ይገናኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው በዚህ ንግግር ውስጥ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነው። መቀንጠስ ነው። ያልተቀነጠሰ ክሪሳንተመም ቀጭንና ረጅም ሆኖ ያድጋል፤ በጥቂት ቅርንጫፎቹ ላይ ጥቂት አበባ ያወጣና ዝናብ ሲመታው ይወድቃል። ገበያ ላይ የምናየው ድብልብል ቅርጽ በራሱ የመጣ አይደለም። እናቶቻችን ጓሮ ያለውን ጎመን ሲቀነጥሱት ጎን ለጎን እንደሚያወጣ ሁሉ ክሪሳንተመምም ጫፉን ስታነሡበት ከታች ካሉት ቅጠሎች ሥር አዳዲስ ቅርንጫፎች ይወጡለታል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ የቅርንጫፉ ጫፍ ከታቹ ያሉት ዓይኖች እንዳያቆጠቁጡ የሚገታ ሆርሞን ያመነጫል። ጫፉ ሲነሣ ገደቡ ይነሣል፤ የተኙት ዓይኖች ሁሉ ይነቃሉ። እያንዳንዱ አዲስ ቅርንጫፍ ደግሞ በመፀው አበባ የሚሸከም ነው።

ተክሉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲያድግ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ቀንጥሱት። አዲሶቹ ቅርንጫፎች ሌላ 15 ሳንቲ ሜትር ሲጨምሩ እንደገና ቀንጥሱ። ከሜይ ጀምሮ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይህን ታደርጋላችሁ። መቼ ታቆማላችሁ? በዚህ አካባቢ አትክልተኞች የሚይዙት ቀን ጁላይ 4፣ በእኛ ሰኔ 27 ነው። አሜሪካኖች የነጻነታቸውን በዓል ስለሚያከብሩበት ማንም አይረሳውም። ዘግየት ብለው ለሚያብቡት ዝርያዎች እስከ ጁላይ አጋማሽ መቆየት ይቻላል። ከዚያ በላይ አትለፉ። ቅድም የነገርኳችሁን ሌሊት አስታውሱ፤ በጁላይ ማገባደጃ እምቡጡ በጫፉ ላይ መፈጠር ይጀምራል፤ በኦገስት የሚቀነጥስ ሰው አበባውን ራሱን ነው የሚቀነጥሰው። ከልብ የሚሠሩ ሰዎች በዚህ ሲጎዱ አይቻለሁ፤ ቅርጹ ያምር ብለው እስከ ኦገስት መጨረሻ ይቀነጥሱና በኦክቶበር አረንጓዴ ኳስ ይቀራቸዋል።

የመቀንጠስ ጥበብ የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ በመፀው ወደ ፔንሲልቬንያ፣ ኬኔት ስኩዌር ወደሚገኘው ሎንግውድ ጋርደንስ ይሂድ። በየዓመቱ የክሪሳንተመም ትርኢት ያሳያሉ። ከሁሉ የሚደነቀው ከአንድ ግንድ ተነሥቶ ከሺህ በላይ አበባ በድርድር የተሸከመው ተክል ነው። የጃፓኖች ጥበብ ነው፤ በቶክዮ ሺንጁኩ ጊዮኤን የአትክልት ስፍራም ይታያል። አንዱን ለማድረስ ከዓመት በላይ እየቀነጠሱና ቅርንጫፎቹን በሽቦ ላይ እያሰሩ ያሳድጉታል። ሎንግውድ ከዋሽንግተን በመኪና ከ2 ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ብትሄዱ አትጸጸቱም።

ውኃውና ምግቡ ብዙ አያስቸግርም። ሥሩ ከመሬት ወለል ብዙም የማይርቅ ስለሆነ በጁላይና በኦገስት ሙቀት ይጠማል፤ በሳምንት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝናብ ካልወረደ እናንተ ሙሉለት። ውኃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን አፈሩ ላይ አፍስሱ፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ማዳበሪያ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ድረስ በወር አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ አቁሙ። ከተባይ ክሽክሽና ቀይ ሸረሪት ይመጡበታል፤ ከቅጠሉ ሥር እየገለበጣችሁ እዩ፤ ቶሎ ካገኛችኋቸው በውኃ ግፊት ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አንድ በሽታ ግን ለብቻው ልጥቀስ። ነጭ ዋግ ነው። በአገራችን ስንዴን የሚመታው ዋግ የቅርብ ዘመድ ሲሆን በክሪሳንተመም ቅጠል ላይ ከላይ ፈዛዛ ነጥብ፣ ከሥር ነጭ ወይም ሮዝማ ቀለም ያለው እብጠት ያወጣል። በአሜሪካ በሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት በሽታ ነው፤ ካያችሁ ለአካባቢያችሁ የግብርና ቢሮ ማሳወቅ ይገባል። ብዙዎቻችን ከአገር ስንመጣ ጤና አዳሙንም ጌሾውንም በሻንጣ ይዘን መምጣት ያምረናል። ክሪሳንተመምን ጨምሮ ተክልን ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው፤ ክልከላው የተደነገገው እንዲህ ያለ በሽታ ቅጠል ላይ ተቀምጦ እንዳይሻገር ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ድመት ወይም ውሻ ያላችሁም ተክሉን እንዳያኝኩት ጠብቁ፤ ይመርዛቸዋል። ጥንቸልና አጋዘን ደግሞ ለጋ ችግኝ ይበላሉ፤ በሜይ በሽቦ አጥር ከልሉት።

ስለ መልኩ ጥቂት ልናገር። ቢጫው የሚመጣው ለካሮትም ቀለሙን ከሚሰጠው ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፤ ሮዝና ሐምራዊው ከሌላ። ሁለቱ በአንድ ቅጠል ላይ ሲደራረቡ ነሐስማና የጡብ ቀለም ይሆናሉ። ከመፀው የዛፍ ቅጠል ጋር እጅግ የሚስማማው ይህ ነሐስማ ነው፤ ለቀይ ጡብ ግድግዳ ግን አይሆንም፣ ይጠፋበታል፤ እዚያ ነጭና ክሬም ተክሉ። ሰማያዊ ክሪሳንተመም በተፈጥሮ የለም። በ2017 የጃፓን ሳይንቲስቶች ከሌሎች ሁለት አበቦች ዘረመል ወስደው ሰማያዊ አድርገውታል፤ ገበያ ላይ ሰማያዊ ሆኖ የምታዩት ግን የተቀባ ነው፤ ገንዘባችሁን አታውጡበት። በአንድ መደብ ላይ አምስት መልክ ከምታቀላቅሉ ይልቅ ሁለቱን መርጣችሁ አብዙ። ቀደም የሚያብበውን፣ መካከለኛውንና ዘግይቶ የሚያብበውን ብታጣምሩ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ደጃፋችሁ ባዶ አይሆንም። ሴፕቴምበር በጣም ሲሞቅ አበባው ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይዘገያል፤ አትደንግጡ። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ሮዙም ነሐስማውም ይደምቃል።

አበባው ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው መቀሱን አንሥቶ ግንዱን ከሥሩ በመቁረጥ ነው። ተዉት። የደረቀው ግንድ ቅጠልና በረዶ ይዞ ሥሩን ከብርድ ይጋርዳል፤ ያልተቆረጡት ከተቆረጡት ይልቅ ብርዱን በደህና ሲያልፉ ይታያል። መሬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ በዲሴምበር የጥድ ቅጠል ወይም ገለባ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ጉዝጓዝ አልብሱት። ጉዝጓዙ መሬቱን ለማሞቅ አይደለም፤ መሬቱ እየቀለጠና እየበረደ ሥሩን ወደ ላይ እንዳይገፋው ነው። በማርች መጨረሻ አረንጓዴ ቡቃያ ከሥር ብቅ ሲል ጉዝጓዙን ቀስ እያላችሁ አንሡ፤ የደረቀውንም ግንድ ያን ጊዜ ቁረጡት።

በአፓርትመንት የምትኖሩ «ለእኛ መሬት የለንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሰፊና ከታች ቀዳዳ ያለው ፖት ይበቃችኋል፤ ሥራው ሁሉ ያው ነው። ከመሬት ይልቅ በፖት ውስጥ ሥሩ በቀላሉ ስለሚበርድ ብርቱ ብርድ ሲመጣ ወደማይሞቅ ጋራዥ ወይም ደረጃ ሥር አስገቡት፤ አፈሩ ጨርሶ እንዳይደርቅ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ትንሽ ውኃ ስጡት። የሞቀ ሳሎን ውስጥ አታስገቡት፤ በዚያ ማረፍ ያለበት ጊዜ ይበላሽበታል።

እንግዲህ በጸደይ ለመትከል ገና ጊዜ አለ፤ ዘንድሮ ገበያ በር ላይ ያያችሁት ግን ዓይናችሁን ስቦት ልትገዙት ይሆናል። ግዙት፤ ደስ ይበላችሁ። ነገር ግን ለምን በቀላሉ እንደሚሞት እወቁ። ያ ተክል ያለ የሌለ ኃይሉን ለአበባ አውሏል፤ ሥሩ በትንሽ ፖት ውስጥ ተጠማዞ ተጨናንቋል፤ መሬት ውስጥ ገብቶ አዲስ ሥር ለመዘርጋት ጊዜም ጉልበትም የለውም። ሊኖር የሚችልበትን ዕድል ማስፋት ይቻላል። የፈካውን ትታችሁ እምቡጡ ገና ያልተከፈተውን ግዙ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ብርቱ ውርጭ ሊመጣ ቢያንስ 6 ሳምንት ሲቀረው ትከሉት። የተጠማዘዘውን ሥር በጣታችሁ አላቁት። አበባው ሲደርቅ የደረቀውን አበባ ብቻ ልቀሙ፣ ግንዱን ተዉ፤ ጉዝጓዝ አልብሱት። እንዲህ ያደረጋችሁላቸው ሁሉ ይተርፋሉ ብዬ ቃል አልገባም፤ የሚተርፉት ግን በሚቀጥለው ዓመት በጸደይ እንደተተከሉ ሆነው ያድጋሉ።

ተክሉ ሁለት ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ መሐሉ እየጠነከረ እንጨት ይሆናል፤ አበባውም እየቀነሰ ይሄዳል። በኤፕሪል ቡቃያው የጣት ርዝመት ሲያክል ሙሉውን ቆፍራችሁ አውጡት። መሐሉን ጣሉት፤ በዳር ያለውን ሥር ያለውን ለጋ ቡቃያ እየለያችሁ እንደ አዲስ ትከሉ። ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ለጋ ጫፍ ቆርጣችሁ እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ብትሰኩትም በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል። በግንቦት የቀነጠሳችሁትን ጫፍ ሁሉ መጣል የለባችሁም ማለት ነው።

ስለዚህ ኖቬምበር ላይ የደረቀውን ፖት አንሥታችሁ ወደ ቆሻሻው ስትሄዱ ቆም በሉ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር እንዳለ ተመልከቱ፤ ካለ ከግድግዳ ጥግ አቆዩት። በጸደይ ትከሉት። ከአንዱ ተክል አምስት ስድስት ችግኝ ሲተርፋችሁ ለጎረቤትና ለዘመድ ስጡ፤ ስትሰጡም ሰኔ 27 የመጨረሻው የመቀንጠሻ ቀን መሆኑን አብራችሁ ንገሯቸው።